ዓመታዊውን ተክል ማን አስናቀው?



በየመድረኩ ደጋግሞ የሚነገር አንድ ምሳሌ አለ። ሰባኪው አማኞችን በሁለት ዓይነት ተክል ይመስላቸዋል። አንዱ እንደ አደይ አበባ መስከረም ላይ አምሮ ኅዳር ላይ የማይገኝ ነው፤ ሌላው ሥር ሰዶ ዓመት ከዓመት የሚኖር ነው። ከዚያ «የትኛው ነህ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ጉባኤውም የትኛውን መምረጥ እንዳለበት ስለሚያውቅ አሜን ይላል።

መጽናትን ለማስተማር የታሰበ መሆኑ ይገባኛል። ነገር ግን ምሳሌው ተክሎቹን በደንብ ካለማየት የመጣ ይመስለኛል። ሰውም እየጎዳ ነው።

ዓመታዊ የምንለው ተክል ከዘር በቅሎ፣ አብቦ፣ ዘር ሰጥቶ በአንድ ወቅት የሚሞተው ነው። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ሽምብራ፣ ኑግ፣ በሶብላ ከዚህ ወገን ናቸው። ቋሚው ደግሞ ሥሩ ሳይሞት ከዓመት ወደ ዓመት ይሻገራል፤ ቡና፣ ጽጌረዳ፣ ጤና አዳም፣ ኮሰረት፣ ጌሾ እንዲህ ናቸው። (ጌሾ ስል ፈገግ ያላችሁ ቅዱሳን አላችሁ፤ እኔ የማወራው ስለ ተክሉ ብቻ ነው።)

የሁለቱ ልዩነት በዕድሜ ብቻ አይደለም። ዋናው ነገር ያገኙትን ምግብ የት እንደሚያውሉት ነው። ጤፍ ከ3 እስከ 5 ወር ባለው ዕድሜው ያለውን ሁሉ ወደ ፍሬው ይልካል፤ ለከርሞ ብሎ ለራሱ የሚያስቀምጠው የለውም። ቡና ግን ከፊሉን በሥሩና በግንዱ ያስቀራል። ስለዚህ ቀርፋፋ ይመስላል፤ ተክሎ የመጀመሪያ ፍሬውን ለማየት 3 እና 4 ዓመት መጠበቅ አለ። በዘሌዋውያን 19 ላይ እስራኤላውያን የተከሉትን የፍሬ ዛፍ 3 ዓመት እንዳይበሉ፣ የ4ኛውን ለእግዚአብሔር እንዲለዩ፣ ከ5ኛው ጀምሮ እንዲበሉ ታዘዋል። ለእህል ግን እንዲህ ያለ የዓመታት ጥበቃ አልታዘዘም።

ታዲያ በየቀኑ የምንበላው ከየትኛው ነው? እንጀራው ከጤፍ፣ ዳቦው ከስንዴ፣ ሽሮው ከጥራጥሬ ነው። የገበታችን ትልቁ ክፍል የተሸከመው በዚያ በተናቀው የአንድ ወቅት ተክል ላይ ነው። ደቡብ ስትወርዱ ነገሩ ይለወጣል። በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በጉራጌ፣ በሀዲያና በከምባታ ጓሮ እንሰት አለ። እንሰት ደግሞ ሁለቱንም ሳጥን ይሰብራል፤ ብዙ ዓመት ቆሞ ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ ያብብና ይሞታል። ገበሬውም ልጅ ተክል ሲፈልግ እናቲቱን ቆርጦ የሥሯን ግንድ አፈር ያለብሳል፤ ከእርሷ ብዙ ችግኝ ይወጣል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። አበባ የሚያሳድግ ሰው አንድ ዘዴ ያውቃል። ብዙ ዓመታዊ አበቦች ዘራቸው ከበሰለ በኋላ ሥራቸውን ስለጨረሱ ይደርቃሉ። አትክልተኛው ግን ያበበው ሲጠወልግ ዘር ሳይዝ ይቀነጥሰዋል። ተክሉ ዘር አላፈራምና እንደገና ያብባል፤ እንደገና ይቀነጠሳል። ጓሮው ሳምንት ከሳምንት ያማረ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ተክሉ መሞቱ አይቀርም፤ በእጅ ላይ የሚቀር አንድም ዘር ግን የለም።

በየአጥቢያው ይህንን እያደረግን አይደለም? ጸጋ ያላት አንዲት ወጣት ዘማሪት ትነሣለች። በዚህ ኮንፈረንስ፣ በዚያ ጉባኤ፣ በሠርግ፣ በልቅሶ ቤት ትጠራለች። ለታናናሾቿ የምታስተምርበት፣ ሁለት ሦስት ልጆች ይዛ የምታሳድግበት ጊዜ አንሰጣትም። አበባዋን እንፈልገዋለን፤ ዘሯን አንጠብቅም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ድምፅዋ ሲደክም ወይም ትዳርና ልጅ ሲይዛት «ያ ቅባት የት ሄደ?» ብለን እንጠይቃለን፤ ከዚያም ያንኑ ምሳሌ አምጥተን ዓመታዊ ነበረች እንላለን። በእኔ እይታ ይህ ከባድ በደል ነው። አበባውን እየቀነጠስን ዘር ያሳጣነው እኛው ነን።

ሌላም አለ። በርበሬና ቲማቲም በተፈጥሯቸው ቋሚ ናቸው፤ ውርጭ በሌለበት ሞቃት አገር ከዓመት በላይ ይኖራሉ። ክረምቱ በረዶ በሆነበት አገር ግን በአንድ ወቅት ያልቃሉ። በሚኒሶታ ወይም በስዊድን በርበሬ የዘሩ ወገኖች ይህን ያውቁታል። ተክሉ ያው ነው፤ የሚለየው ብርዱ ነው። ስለዚህ አንድ ወንድም ከቤቱ ሲጠፋ «ሥር አልነበረውም» ከማለታችን በፊት ምን ዓይነት ውርጭ አገኘው ብለን እንጠይቅ። በአረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ እሑድን ከሌላው ቀን መለየት ያቃታት እህት አምልኮ ላይ አለመታየቷ ስለ ሥሯ ምንም አይነግረንም።

ጌታን ገና እየፈለጋችሁ ይህን የምታነቡም አላችሁ። የመጀመሪያው ሰሞን ስሜት ጠፍቶባችሁ «ለእኔ አልሆነም» ብላችሁ ከሆነ፣ የተገረዘ ጽጌረዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቅጠል የሌለበት እሾሃም እንጨት ነው። የማያውቅ ሰው ማገዶ ያደርገዋል። በሉቃስ 13 ባለው ምሳሌ 3 ዓመት ፍሬ ያጣችውን በለስ ባለቤቱ ሊያስቆርጣት ሲል፣ አንድ ዓመት ይለመንላት ያለው አትክልተኛው ነበር። ልመናውም ባዶ አልነበረም፤ ዙሪያዋን ኮትኩቶ ፍግ ሊጨምርላት ነው።

«ታዲያ መጽናት አያስፈልግም ማለትህ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። እምነት ለአንድ ወቅት አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ነው። አገልግሎት ግን ወቅት አለው፤ ሁለቱን ማምታታት የለብንም። ለ2 ዓመት የሰንበት ትምህርት አስተምሮ፣ ሁለት ተተኪ አዘጋጅቶ የወጣ ሰው ሥራውን ፈጽሟል። ለ20 ዓመት ወንበሩን ይዞ አንድ ተተኪ ያላፈራውን ግን በቋሚነቱ ብቻ ማመስገን አልችልም።

ጌታ ኢየሱስ ራሱን በምን በምን መሰለ? በዮሐንስ 12 ስለ ሞቱ ሲናገር በምድር ወድቃ የምትሞት የስንዴ ቅንጣትን ያነሣል። በዮሐንስ 15 ደግሞ ራሱን የወይን ግንድ አለ። ስንዴ የአንድ ወቅት ነው፤ ወይን ብዙ አሥርት ዓመታት ይኖራል። በጌታ እራት ገበታ ላይም ኅብስቱና ጽዋው አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ከዓመታዊው፣ አንዱ ከቋሚው። አንዱን ከሌላው አስበልጦ የቆረበ ሰው አላውቅም።

የአዲሱ ዓመት የአገልግሎት ድልድል በየአጥቢያው በሚወጣበት ጊዜ፣ ሽማግሌዎች ከአዲሶቹ ስም ዝርዝር ጎን ጊዜያቸውን የጨረሱትንም ዝርዝር ቢያዘጋጁ መልካም ነው። እሑድ ወደ ፊት ይጠሩ፤ ማንን እንዳሳደጉ ይናገሩ፤ ያሳደጓቸውም ልጆች አጠገባቸው ቆመው ይጸለይላቸው። ከዚያ ወርደው ከጉባኤው ጋር ይቀመጡ።