ዋጋው የማይረክስ ሀብት

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ የቡናው ፍሬ መቅላት ሲጀምር የየቤቱ ጨዋታ ሁሉ ስለ ዋጋ ይሆናል። ይህም አያስነቅፍም፤ የልጆች ልብስና ደብተር፣ የዕዳም መክፈያ ከዚሁ ፍሬ ነውና። ነገር ግን፣ ውድ አንባብያን ሆይ፣ የዚህ ሀብት ዋጋ በማን እጅ እንዳለ እንመርምር።

በ1967 ዓ.ም. ክረምት በብራዚል ብርቱ ውርጭ የቡናውን ተክል ስላቃጠለው በዓለም ገበያ የቡና ዋጋ እጅግ ተወደደ። በ1981 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የሽያጭ ኮታ ሲቀር ዋጋው ወደቀ፤ በ1994 ዓ.ም. ከዚያም ይልቅ አሽቆለቆለ። በዚያን ጊዜ የእኛ ገበሬ አልሰነፈም፤ ዛፉም ማፍራቱን አልተወም። የረከሰው ግን የልፋቱ ዋጋ ነበር። እንግዲህ ነፍሱን በእንዲህ ያለ ሀብት ላይ ያሳረፈ ሰው ዕረፍቱ ከገበያ ጋር መውጣቱና መውረዱ አይቀርም።

ቅዱስ ጳውሎስ በእስር ሳለ ለፊልጵስዩስ ምእመናን በላከው መልእክት የራሱን ሀብት ይቈጥራል። ከብንያም ነገድ መወለዱን፣ ፈሪሳዊነቱን፣ በሕግም ያለ ነቀፋ መሆኑን ከዘረዘረ በኋላ፣ ይህን ሁሉ ክርስቶስን ከማወቅ ጋር ቢያስተያየው ትርፉ ኪሳራ ሆኖ አገኘው። ልብ እንበል፤ ክፉውን ከመልካሙ ጋር አላመዛዘነም፤ መልካሙን እጅግ ከሚበልጠው ጋር አመዛዘነ እንጂ።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባም በንግሥት ህንደኬ ገንዘብ ሁሉ ላይ የሠለጠነ ሹም ነበር። ሆኖም በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ ምሥጢሩን የሚገልጥለት አጥቶ ነበር። ፊልጶስ ስለ ኢየሱስ ሰበከለት፤ እርሱም አምኖ ተጠመቀ፤ ደስ እያለውም መንገዱን ሄደ። ያን ደስታ ከግምጃ ቤቱ አላገኘውም፤ ለመዳኑም ገንዘብ አልከፈለበትም።

እኛም ይህን ድኅነት በጥምቀት ተቀብለናል፤ በቅዱስ ሥጋውና በክቡር ደሙም እንጸናበታለን። ስለዚህ በለቀማ ወራት የእሑድን ቅዳሴ በቡና ሚዛን አንለውጥ፤ የለቃሚውንም ደመወዝ አናጕድል። ልጆቻችንም ዋጋው ሲወደድ ብቻ ሳይሆን ሲረክስም አባትና እናታቸው በማዕድ ፊት ቆመው ሲያመሰግኑ ይዩ፤ ክርስቶስ ከሀብት ሁሉ እንደሚበልጥ ከዚህ ይማራሉና።

ቡናውን እንትከል፣ እንልቀም፣ እንሽጥም፤ ልባችንን ግን በእርሱ ላይ እናኑር። ለዚህም የእግዚአብሔር ቸርነት ይርዳን፤ አሜን።