የመንግሥት እርከን በቃል አይጠናም

ፌዴራል፣ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ። ይህን የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን የለም። ሌሊት ቀስቅሰው ቢጠይቁን እንደ ዳዊት ደጋሚ አንዲት ሳንስት እንወጣዋለን። ሕግ አውጪ፣ ሕግ ተርጓሚ፣ ሕግ አስፈጻሚ የሚለውንም እንዲሁ ሸምድደን፣ ለፈተና አቅርበን፣ ማርካችንን ተቀብለን አልፈናል። ነገር ግን እዚህ ግቢ እንደ ገባን አንድ ወረቀት ቀረበልንና ሳናነብ ፈረምን፤ የወጪ መጋራት ውል ይባላል። ለመሆኑ ይህን ዕዳ በጫንቃችን ላይ ያኖረው ማን ነው? ፓርላማው ነውን? ትምህርት ሚኒስቴር ነውን? ወይስ ሬጅስትራሩ? በየመኝታ ክፍሉ ዞረን ብንጠይቅ ያገኘነው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ «መንግሥት ነዋ!»

«መንግሥት» መልስ አይደለም። መሠረቱን የጣለው ፓርላማው ያወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ነው፤ ዝርዝሩን የወሰነው ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው። ይህ ልዩነት ለጠበቃ ብቻ የሚያስፈልግ ጥቃቅን ነገር እንዳይመስለን። ቅሬታ ያለው ሰው አቤቱታውን ወዴት ይወስዳል? አዋጁን ለመለወጥ የመረጥነውን እንደራሴ እንይዛለን፤ ደንቡን ለመለወጥ ግን የሚኒስትሮቹን ደጅ መጥናት ግድ ነው። ደጁን ያላወቀ አቤት ባይ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲያንኳኳ ይውላል።

መምህሮቻችንን አንወቅስም። በአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ፣ የታዘዙትን ምዕራፍ ከመጨረስ ሌላ ምን ይበሉ? የምንወቅሰው ትምህርቱን ያሰናዳውን አስተሳሰብ ነው። በንጉሡ ዘመን ግብረ ገብ ተባለ፤ በደርግ ዘመን የፖለቲካ ትምህርት ሆነ፤ ቀጥሎ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መጣ፤ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ የዜግነት ትምህርት ተብሏል። ስሙ ሦስት ጊዜ ተለወጠ፤ መታዘዝን የሚያስተምርበት ድምፅ ግን ያው ነው። ሥነ ዜጋ ይዞት በመጣው የ11 እሴቶች ዝርዝር ውስጥ ታታሪነትና ቍጠባ ከሕግ የበላይነት እኩል ምዕራፍ ነበራቸው። ቍጠባ መልካም ነው፤ አንጠላም። ተማሪ ምን ይቈጥባል የሚለውን ግን ለካፌው ሰልፍ እንተወዋለን።

ያ በቃል ያጠናነው መሰላል ራሱ እውነተኛው መሰላል አይደለም። ዞን በሁሉም ስፍራ አንድ ዓይነት ነገር መስሎን ነበር። በአማራ ክልል አዊ፣ ዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የራሳቸው ምክር ቤት ሲኖራቸው፣ በዚያው ክልል ያለው ሰሜን ሸዋ ዞን ግን ክልሉ የሚሾምለት አስተዳደር እንጂ የተመረጠ ምክር ቤት የለውም። አዲስ አበባ ደግሞ ዞንን ጨርሶ አታውቅም፤ ከከተማው በታች ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማው በታች ወረዳ ነው። የክልሎቹስ ቍጥር? የሕገ መንግሥቱ 47ኛ አንቀጽ ዘጠኝ ይዘረዝራል፤ እኛም ዘጠኝ ብለን አጠናን። በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ፣ በ2014 ዓ.ም. ደቡብ ምዕራብ፣ በ2015 ዓ.ም. ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተተክለው ዛሬ 12 ሆነዋል። ከእነዚህ ሦስቱ ሕዝበ ውሳኔ የተሰጠባቸው ናቸው። ይህ ሁሉ የተደረገው እኛ ተማሪ ቤት ቍጭ ብለን «ክልሎች ስንት ናቸው?» ለሚል ጥያቄ መልስ ስናከብብ ነው። ጥያቄውን ማን አቀረበ? የፌዴሬሽን ምክር ቤት ምን ሥልጣን ኖሮት ወሰነ? ሕገ መንግሥት በዓይናችን ፊት ሲሠራ እያየን፣ ያንን የሚነግረን አንድም ሰው አልነበረም።

ሕግ የሚወጣበትንም መንገድ እንዲሁ አድርቀው ነው የሰጡን። ረቂቅ ይቀርባል፣ ይጸድቃል፣ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማል፣ ባይፈርምም ይጸናል። ፈተና አውጪ የሚወዳት ይህችን 15 ቍጥር ነው። ዋናው ነገር ግን ከዚያ በፊት ያልቃል። ረቂቁ በአብዛኛው የሚመጣው ከምክር ቤቱ ወንበር ሳይሆን ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ወደ ቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴው አስተያየት የሚሰማበት መድረክ ይጠራል፤ አንቀጽ የሚነሣውም የሚገባውም እዚያ ነው። ዜጋ አፉን የሚከፍትባት ጠባቧ በር ይህች ስትሆን፣ መማሪያ መጽሐፉ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ያልፋታል። ደግሞም በ2007 ዓ.ም. ምርጫ 547ቱም ወንበር በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ እጅ በወደቀ ጊዜ፣ «ምክር ቤቱ ይከራከራል» የሚለውን ገጽ ያነበበ ልጅ ምን ብሎ እንዲጠይቅ ተፈቅዶለት ነበር?

ከሁሉ የከፋው ስለ መመሪያ ያለማወቃችን ነው። ሰውን ከቀን ወደ ቀን የሚገዛው አዋጅ ሳይሆን መመሪያ ነው። ባለፈው ዓመት የተመረቀ አንድ ጓደኛችን ጉዳይ ገጥሞት ወደ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሄደ። «በመመሪያው መሠረት አይቻልም» አሉት። «እባክዎ መመሪያውን ላየው እችላለሁ?» ቢል፣ «ለውስጥ አሠራር ነው» የሚል መልስ ተሰጠው። አመስግኖ ወጣ! በሥነ ዜጋ ከክፍሉ አንደኛ የነበረ ልጅ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቍጥር 1183 መመሪያ ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ አስተያየት እንዲቀርብ፣ ከጸደቀም በኋላ እንዲመዘገብና በድረ ገጽ እንዲወጣ ያዛል፤ ይህ ሳይሆን ተፈጻሚ አይሆንም። ጓደኛችን ይህን ቢያውቅ ኖሮ ከመስኮቱ አይመለስም ነበር። ባለ መስኮቱም ቢያውቅ ኖሮ እንዲያ ብሎ አይመልስም ነበር፤ እርሱም እኮ የዚያው ትምህርት ውጤት ነው።

አባቶቻችን ሕግ ሲወጣ ነጋሪት በገበያ ያስጐስሙ ነበር፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ እየተባለ። ጋዜጣው ስሙን ከዚያ ከበሮ ወረሰ። ዛሬ ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አለ፤ ኦሮሚያ መገለተ ኦሮሚያ፣ አማራ ዝክረ ሕግ አላቸው። ከእኛ ውስጥ አንዱን እንኳ በእጁ ይዞ ያገላበጠ ስንት ሰው ነው? ከሕግ ፋኩልቲ ወንድሞቻችን በቀር እጅ የሚያወጣ አላየንም።

ከእኛ በፊት በዚህ ስም የተደራጁት ተማሪዎች የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው ወደ ፓርላማው የወጡት የጭሰኛው ጉዳይ እዚያ እየተነገረ መሆኑን ስላወቁ ነው። የትኛው ምክር ቤት፣ በየትኛው ቀን፣ ምን እንደ ያዘ ያውቁ ነበር። መሬቱ በአዋጅ ቍጥር 31 የተወሰነው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ፓርላማውም ያን ጊዜ ተዘግቶ ነበር፤ አዋጁን ያወጣው ደርግ ነው። ምክር ቤት የሚገባውን ሕግ ሳያወጣ ሲቀር ማን እንደሚያወጣው ከዚህ የበለጠ ምን ምሳሌ ይገኛል? ይህንንም በክፍል ውስጥ አልተማርነውም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ተማሪው የመንግሥትን እርከን ከመጽሐፍ ሳይሆን የገዛ ወረዳው ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ ተቀምጦ ይማር። አንድ አዋጅ ከረቂቁ እስከ ጋዜጣው በእጁ ይያዝና የትኛው አንቀጽ የት እንደ ተለወጠ ይፈልግ። ፈተናውም «ሦስቱን የመንግሥት አካላት ዘርዝር» ማለቱን ትቶ፣ «በሰፈርህ የቧንቧ ውኃ ቢቋረጥ የትኛውን መሥሪያ ቤት፣ በየትኛው ሕግ ትጠይቃለህ?» ይበል።

ጣታችንን ወደ ሌላው ስንቀስር ግን የራሳችንንም ጓዳ እንይ። የዚህ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ በጽሕፈት ቤቱ ቁምሳጥን ውስጥ አለ፤ ማን እንዳጸደቀው ከምክር ቤታችን አባላት መካከል የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ እኛ ይህን የምንጽፈውም ያነበብነው ባለፈው ሳምንት ነው። የሚቀጥለው እትም ሲባዛ ደንቡ ሙሉ በሙሉ አብሮ እንዲባዛ ለሥራ አስፈጻሚው በጽሑፍ አመልክተናል። መልሱ «ለውስጥ አሠራር ነው» የሚል ከሆነ፣ የጻፈልንን ሰው ስምና ቀኑን ጨምረን በዚሁ ገጽ እናወጣዋለን።