ሌዋታንን ለማየት ሩሲያኛ አያስፈልግም

የሩሲያ ፊልም ሲባል የደርግ ዘመን ሰው ትዝ የሚለው ትራክተርና ቀይ ባንዲራ ነው። አይፈረድበትም። የዛሬው ግን ሌላ ነው። አንድሬይ ዝቪያጊንትሴቭ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው «ሌዋታን» በፍላሽ ተገልብጦ እዚህ ፍኖተ ሰላም ደርሶኝ አየሁት። ሩሲያኛ አንዲት ቃል አልችልም። ከሥሩ ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍም እየሮጠ ያመልጠኝ ነበር። ምን ቸገረኝ! ከንቲባው ገና አፉን ሳይከፍት ገብቶኛል፤ ከራሱ በላይ የፑቲን ፎቶ ተሰቅሏል።

ኮሊያ የሚባል መካኒክ በባረንትስ ባሕር ዳርቻ በገዛ እጁ የሠራው ቤት አለው። ከንቲባው ቦታውን ፈለገው። ካሳ ተብሎ የማይረባ ገንዘብ ተቆረጠለት። አቤት ቢል ዳኛዋ ውሳኔውን ዳዊት እንደሚደግም ሰው ትንፋሽ ሳትወስድ ታነበንበዋለች። ሊያግዘው ከሞስኮ የመጣው ጠበቃ ወዳጁ ደግሞ ከሚስቱ ጋር ይማግጣል። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም ለሚለው ጎጃሜ ይኼ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል። በመጨረሻም ሚስትህን ገድለሃል ተብሎ 15 ዓመት ይፈረድበታል፤ ቤቱ ፈርሶ ቤተ ክርስቲያን ይሠራበታል፤ ጳጳሱም ቆመው ስለ እውነት ይሰብካሉ። የናቡቴን የወይን ቦታ ታሪክ ለሰማ ሰው እንግዳ ነገር የለውም።

ፊልሙ ይንቀራፈፋል፣ ያጨልማል የሚሉ አሉ። የያኔው የባህል ሚኒስትራቸው ሜዲንስኪም አልወደዱትም። ጉዱ ግን ከፊሉን ገንዘብ የሰጠው ራሱ ሚኒስቴሩ መሆኑ ነው! ከንቲባ ለሚያሳጣ ፊልም የመንግሥት ብር ሲወጣ እስቲ እኛ አገር አስቡት። ለነገሩ ያም በር ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ፤ የ2017ቱ «ፍቅር አልባ» ያለ መንግሥት ገንዘብ ነው የተሠራው።

ባንድ ፊልም አገር አይታወቅም። ሩሲያውያኑ ራሳቸው በ2023 ሲኒማ ቤቱን ያጥለቀለቁት ጆሮ ትልቁን ቼቡራሽካን ለማየት ነበር። እኔም ሩሲያን አወቅኳት አልልም። ያወቅሁት የሰፈሬን ነገር ነው።

በ1989 ዓ.ም. በክልላችን በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ «ቢሮክራት» የተባለ ገበሬ አራት ጥማድ ብቻ ተተወለትና ሌላው ተወሰደበት። ቢሮክራት! በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ወይ ጸሐፊ ስለነበረ ነው እንግዲህ። አዲስ አበባ ድረስ አቤት ሊል የሄደም ነበር። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ብሎ ጭሰኛውንና ባለመሬቱን አሳይቶናል። ከዚያ በኋላ የመጣውን፣ ሜትር ይዞ ማሳ የሚገባውን ካድሬ የሚያሳየን ማነው? ከሞስኮ ይምጣልን?

ቢሮክራት ተብለው መሬታቸውን የተነጠቁት ሰዎች ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም አልፈዋል። የቡሬና የፍኖተ ሰላም ወጣቶች፣ ካሜራው እኮ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። በገበያ ቀን ገጠር የቀሩትን ጠይቁና ቅረጿቸው። ዓይናቸው ሳይደክም፣ ያ ማሳ የቱ ጋ እንደነበር በጣታቸው ያሳዩዋችሁ።