አይጥ እንድትይዝ ብላችሁ ድመቷን አታስርቧት



ዛሬ የምጽፈው ስለ ዩሪያም ስለ ስንዴ ዋግም አይደለም፤ ስለ ድመት ነው። «ደግሞ ድመት ምን የግብርና ጉዳይ ሆነች?» የምትሉ አትጠፉም። ናት እንጂ! እህላችን ከአውድማ ተነስቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ሌሊቱን ነቅቶ የሚጠብቀው ማን ነው? እኛ እንተኛለን፣ ውሻው ደጅ ነው፣ ጓዳው የሚቀረው ለድመቷ ነው።

ቤት ለቤት ስንዞር ግን ስለ ድመት የምንሰማው ስሞታ ነው። «ይቺ ድመት ቀብጣለች፤ ያቀረብንላትን አሽትታ ትሄዳለች፤ ውሃማ ጭራሽ አትቀምስ» ይሉናል። መፍትሔውም አብሮ ይመጣል፦ «ተዋት ትራብ! ሲርባት አይጥ ትይዛለች።»

እኔ በዚህ አልስማማም። ድመትን ማስራብ አይጥ አያስይዝም፤ እህላችንን ያስበላል። ምግብና ውሃ የምትመርጥ ድመትም አብዛኛውን ጊዜ ቀብጣ ሳይሆን የሚሆናትን ስላላገኘች ነው። አንዳንዴ ደግሞ ታማ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። አንዲት አይጥ በቀን 20 ግራም እህል ብትበላ በዓመት ከ7 ኪሎ በላይ ይሆናል። ሃያ አይጥ ያለበት ቤት በዓመት 146 ኪሎ፣ አንድ ኩንታል ተኩል ሊሞላ ትንሽ የቀረው እህል ያጣል ማለት ነው። ይህ የተበላው ብቻ ነው። በሽንታቸው የተበላሸው፣ የተቀደደው ከረጢት አልተቆጠረም። ነቀዝ እንዳይገባ ብለን የገዛነውን ፒክስ ከረጢት አይጥ አንዴ ከበሳችው አየር ይገባል፣ ነቀዙም እንደገና ይራባል። የደብረ ኤልያስ ስንዴና ጤፍ በስንት ልፋት እንደሚመረት ለእናንተ አልነግርም።

ድመት የምታድነው ስለራባት ብቻ አይደለም። ማደን ተፈጥሮዋ ነው። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ትሉ የለ! ጠግባ ተኝታም ቢሆን የአይጥ ኮሽታ ስትሰማ ብድግ ትላለች። የተራበችዋስ? ጎረቤት ትሄዳለች፣ ጫጩት ትለቅማለች፣ ድስት ትከፍታለች፣ ወይም በዚያው ወጥታ ትቀራለች። አቅም ያጣች ድመት ደግሞ ትልቅ አይጥ አትደፍርም።

ቻርልስ ኤልተን የሚባል እንግሊዛዊ የእንስሳት ተመራማሪ በ1953 እ.ኤ.አ. በገበሬዎች ግቢ ስላሉ ድመቶች አንድ ጥናት አሳትሞ ነበር። አይጡ መጀመሪያ በሌላ መንገድ ከጸዳ በኋላ፣ ወተት እየተሰጣቸው ግቢው ውስጥ የሚቆዩ ድመቶች አይጥ ተመልሶ እንዳይገባ ማድረግ እንደሚችሉ አሳይቷል። ለእኛ ሁለት ትምህርት አለው። አንደኛ፣ የወረረን አይጥ ድመት ብቻዋን አታጠፋም። ጉድጓዱን መድፈን፣ ወጥመድ ማስቀመጥ፣ ከረጢቱን ከመሬትና ከግድግዳ አርቆ በርብራብ ላይ መደርደር የእኛ ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ምግቧ ግቢው ውስጥ ካለ እሷም ግቢው ውስጥ ናት።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። የቤት ድመት ዘሯ ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ ደረቅ አገር የዱር ድመት የመጣ ነው። እንደ ውሻና እንደ ከብት ቶሎ ውሃ አይጠማትም። 3 ኪሎ የምትመዝን ድመት ከምግቡም ከመጠጡም ተደምሮ በቀን 150 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ሁለት የቡና ስኒ ያህል ውሃ ያስፈልጋታል። የአይጥ ሰውነት ከግማሽ በላይ ውሃ ስለሆነ ደህና አድርጋ የምታድን ድመት ስትጠጣ ላታዩዋት ትችላላችሁ። በዚህ አትደንግጡ። ችግሩ ደረቅ ዳቦና የደረቀ እንጀራ እየሰጠናት ውሃ ሳናስቀምጥላት ስንቀር ነው።

«ወተት እንሰጣታለን እኮ» ትሉኝ ይሆናል። ትንሽ ወተት ለተስማማት ድመት ክፉ አይደለም። ግን የውሃ ምትክ አይሆንም። ብዙ ያደጉ ድመቶች የወተት ስኳር ስለማይፈጭላቸው ያስቀምጣቸዋል፤ ተቅማጡ ደግሞ ሰውነቷ ውስጥ ያለውንም ውሃ ይዞት ይወጣል።

ውሃ እንድትጠጣ ከፈለጋችሁ እንዲህ አድርጉ። ዕቃው ሰፋ ያለና ጎድጓዳ ያልሆነ ይሁን፤ ጢሟ ጠርዙን ሲነካው የማይወዱ ድመቶች አሉ። አሮጌ የሸክላ ወይም የቆርቆሮ ሳህን ይበቃል። ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ፤ ሳሙናና ላምባ የሚሸት ዕቃ አትንኩ። የአረም ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ዕቃማ ለድመትም ለዶሮም ለሰውም መጠቀሚያ አታድርጉት፤ ታጥቦም አይሆንም። ውሃውን ከምግቧ ራቅ አድርጉ፣ ዶሮ እንዳይበጠብጠው መደብ ላይ አስቀምጡት። ቢቻል አንድ ጓዳ፣ አንድ ደግሞ ጎተራው አጠገብ ይሁን። አሁንም እንቢ ካለች እንጀራውን በለብ ያለ ውሃ ወይም ምንም ባልገባበት የሥጋ መረቅ አርሱላት። ሳታውቀው ውሃውን በላች ማለት ነው።

ምግቡስ? ድመት ሥጋ በል ናት። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ከሥጋ ማግኘት አለባት፤ ለረጅም ጊዜ ካጣች ዓይኗም ልቧም ይጎዳል። አይጥ ስትይዝ ከዚያ ታገኘዋለች። እንጀራ ብቻ ግን አይሞላላትም። ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፤ ሲደጋገም የደም ማነስ ያመጣባታል። በወጥ የራሰውን እንጀራ ትታ ስትሄድ «ቀበጠች» አትበሏት፤ እንኳን ተወችው።

እዚህ ላይ ስለ ጾም ሳላነሳ አላልፍም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ቤት ውስጥ ሥጋ የለም፤ ወተቱ ለሕፃናትና ለቅቤ ነው፤ የሚተርፈው ሽሮና ክክ ነው። ድመቷ ግን አትጾምም! ወቅቱን ደግሞ አስቡት። እህሉ ጎተራ የገባበት፣ ማሳው ባዶ ሆኖ አይጡ ወደ ቤት የሸሸበት፣ ምንጩም የሚቀንስበት ጊዜ ነው። ጥበቃዋ ከምንጊዜውም በላይ በሚያስፈልገን ሰዓት ነው ምግቧን የምንቆርጥባት። ከዚያ «በጾም ድመቷ ጠፋች» እንላለን።

ብዙ ወጪ የለውም። የተቀቀለ ግማሽ እንቁላል በእንጀራ ፈትፍቶ ማታ ማታ መስጠት ነው። ለ55ቱ ቀን 28 እንቁላል ይበቃል፤ በጾም ደግሞ የእንቁላል ገበያው ራሱ ቀዝቀዝ ይላል። ቅቤ ሲናጥ ለተስማማት ድመት ጥቂት አሬራ መጨመር ይቻላል። በፍስክ ጊዜ በግ ወይም ዶሮ ሲታረድ ሳንባውን፣ ጣፊያውን ያለ ሽንኩርት፣ ያለ በርበሬ፣ ያለ ጨው ቀቅሉላት። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ግን እየተሰነጠረ ጉሮሮና አንጀት ስለሚወጋ አትስጧት።

መራጭ የሆነችውን ድመት ወደ ምግብ መመለስም ዘዴ አለው። ድመት በአፍንጫዋ ነው የምትበላው፤ ስለዚህ ምግቡን እጅ በማያቃጥል መጠን ለብ አድርጉት፣ ሽታው ይጠራታል። አዲስ ምግብ በአንድ ጊዜ አትለውጡባት፤ ከለመደችው ጋር እየቀላቀላችሁ በየቀኑ ጨምሩ። ጠዋትና ማታ ሰዓት ጠብቃችሁ፣ ውሻና ልጆች በማይረብሿት ቦታ ስጧት። ያልበላችውን አንሱት፤ የቆየ ምግብ ነገም ያስጠላታል። አፍንጫዋ በጉንፋን ከተደፈነ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉላት። በግድ አፏን ከፍታችሁ አታጉርሷት።

እስካሁን ያልኩት ለጤነኛዋ ነው። ምርጫ ያልሆነውን ደግሞ መለየት አለብን።

አንድ ቀን ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ተከታተሏት። ሁለት ቀን ከሞላት ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ውሰዷት። ድመት ለተከታታይ ቀናት ካልበላች፣ በተለይ ወፍራም ከነበረች፣ ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ልትሞት ትችላለች። ወንድ ድመት ለመሽናት እያማጠ ሽንት ከሌለው ሰዓት የማይሰጥ ነገር ነው፤ በዚያው ቀን ውሰዱት። ከቤት ፓራሲታሞል እንዳትሰጧት፤ ለእኛ ራስ ምታት የሚሆነው ኪኒን ድመትን ይገድላል። ለከብት መዥገር የሚረጨውንም አትርጩባት፤ ሰውነቷን ስለምትልስ ትውጠዋለች።

ድንገት ካስታወካት፣ ከተንቀጠቀጠች፣ አረፋ ከደፈቀች መርዝ አስቡ። እንደ ዚንክ ፎስፋይድ ያለው የአይጥ መርዝ ሆድ ውስጥ ሲገባ አደገኛ ጋዝ ያወጣል፤ ትውከቷን ጎንበስ ብላችሁ አታሽትቱ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ በአፏም ወተት አትጋቷት። መርዝና ድመት አንድ ቤት አይስማሙም። መርዝ ማስቀመጥ ግድ ከሆነ ድመቷም ልጆችም በማይደርሱበት ዝግ ሣጥን ውስጥ ይሁን፤ የሞተውን አይጥ በየጠዋቱ በእጅ ሳትነኩ ለቅማችሁ ቅበሩ።

ከሁሉም በላይ ይህን ያዙልኝ። ውሃ መዋጥ ያቃታት፣ ለሃጯ የሚዝረበረብ፣ ለማዳ የነበረች ድንገት የምትናከስ ወይም የምትደበቅ ድመት የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆንባት ይችላል። በሽታው በድመትም ይተላለፋል። «ጉሮሮዋ ላይ አጥንት ተሰንቅሮ ይሆናል» ብላችሁ እጃችሁን አፏ ውስጥ እንዳትከቱ! ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱና ስለ ክትባቱ ጠይቁ። ጸበል ሂዱ፣ እኔም አማኝ ነኝ፤ ክትባቱን ግን አታስቀሩት። የሕመሙ ምልክት ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። የውሻ ክትባት ዘመቻ ሲመጣ ድመቷንም በጆንያ አድርጋችሁ ይዛችሁ ውጡ።

ድመት ደመወዝ አትጠይቅም፣ ማዳበሪያ አትጠይቅም። የምትፈልገው ሁለት ስኒ ውሃና ጥቂት የሚሆናት ምግብ ነው። ዛሬ ማታ ጎተራው አጠገብ አንድ ሳህን ውሃ አስቀምጡና ጀምሩ። ስልክ ለሌለው ጎረቤታችሁም ይህን አንብቡለት።

መልካም የሥራ ሳምንት!