አንቀጽ ማስሸምደድ ይብቃ

ለታዳጊዎች ከክፍል ውጭ ስለ መብትና ሕግ የሚሰጠው ትምህርት፣ አሰላም ሆነ ሌላ ከተማ፣ ባብዛኛው አንድ መልክ አለው። ተማሪው አዳራሽ ይሰበሰባል፣ «ግንዛቤ ማስጨበጫ» ይሰጠዋል፣ ከዚያ የጥያቄና መልስ ውድድር ተደርጎ የአንቀጹን ቁጥር ቀድሞ የጠራ ይሸለማል። ልጆች የሚጎዱት መብታቸውን ስለማያውቁ ነው ከሚል እምነት የመጣ ልማድ ነው። ይህ እምነት ስህተት መሆኑን ከአርሲ በላይ ማወቅ የሚገባው የለም።

እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ ገጠር አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች። ለማምለጥ ስትታገል ጠላፊዋን በጠመንጃ ተኩሳ ገደለችውና በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። መዓዛ አሸናፊ ይመሩት የነበረው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። «ድፍረት» የተባለው ፊልም የተነሣው ከዚህ ታሪክ ነው።

ያቺ ልጅ መጠለፍ በደል መሆኑን የሚነግራት አላስፈለጋትም። አንቀጽ ሸምድዳ ቢሆን ኖሮ ደግሞ የምታገኘው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግን ነበር፤ እሱም ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ ያስመልጠው ነበር። ያስፈለጋት የሚደርስላት ፖሊስና የሚቆምላት ጠበቃ ነው።

ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ጋብቻ መከተሉም ወንጀለኛውን አያድነውም። ሕጉ ተስተካክሏል። ወደ ሕጉ የሚወስደውን መንገድ ግን ለልጆቻችን ማን አሳያቸው? የተደፈረች ልጅ ሳትታጠብ በፍጥነት ሐኪም ዘንድ መድረስ እንዳለባት፣ ቃል ሰጥቶ ከመፈረም በፊት የተጻፈውን ማንበብ እንደሚገባ፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት፣ ሽማግሌ ቤተሰብን ቢያስታርቅም ጠለፋው ወንጀልነቱ እንደማይቀር የሚያውቅ ተማሪ ስንት ነው? ይህ በሽልማት አይለመድም።

አርሲ ከክፍል ውጭ የሚሰጥ የራሱ የመብት ትምህርት አለው። ሚስቱን፣ ይልቁንም አራሷን፣ በደበደበ ባል ላይ ሴቶች ሲንቄ የተባለውን በትራቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ጥፋቱን አምኖ ካሣ እስኪክስ ድረስ አይመለሱም። ልጃገረዶች ይህን የሚማሩት ሲፈጸም እያዩ ነው፤ ለዚህም አይረሱትም። ጉድለቱ ግን ከባድ ነው፦ ሲንቄ እናት ለልጇ በሰርጓ ቀን የምትሰጣት በትር ስለሆነ፣ ያላገባች ልጅ በእጇ የላትም። ለጠለፋ የምትጋለጠው ደግሞ እሷ ናት። ይህን ክፍተት መሙላት ያለበት የመንግሥት ሕግ ነው፤ እሱም እንደ ሲንቄው ሲሠራ በዓይን መታየት አለበት።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ችሎት ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ይደነግጋል። የአሰላ መምህራንና የክበብ ተጠሪዎች ሆይ፣ የሚቀጥለውን የጥያቄና መልስ ውድድር ሰርዙት። ተማሪዎቹን በዚያ ቀን ችሎት አስገቧቸው፣ ፖሊስ ጣቢያ ወስዳችሁ አቤቱታ የሚቀበለውን መኮንን አስተዋውቋቸው፣ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥበትን በር አሳዩአቸው።