ለአንድ ሥራ ሦስት ሪክሩተር

በዋሽንግተን ዙሪያ በኮንትራት የኮምፒዩተር ሥራ የሚተዳደር ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው ስልክ አለ። ደዋዩ፣ ሠራተኛ የሚመለምለው ሪክሩተር፣ ይቸኩላል። «አስቸኳይ ነው፤ የስድስት ወር ኮንትራት፣ ሊራዘም ይችላል፤ ሬትህ ስንት ነው? ሬዙሜህን አሁኑኑ በዎርድ ላክልኝ» ይላል። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሌላ ሰው ከሌላ ከተማ ይደውላል። የሥራው ዝርዝር ቃል በቃል ያው ነው፤ ዋጋው ብቻ ይለያል። ማምሻውን ሦስተኛው ይመጣል። እሱ ደግሞ የኛው ሰው ነው፤ ሠርግ ላይ የተዋወቃችሁት፣ «ወንድሜ፣ እኔ እያለሁልህ!» የሚል።

ለሦስቱም እሺ ማለት ዕድልን ማብዛት ይመስላል። ሦስት የተለያየ ሥራ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበር። ሥራው አንድ ሲሆን ግን ሦስቱም ሬዙሜዎች የሚያርፉት አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ትልልቅ ድርጅቶች የኮንትራት ሠራተኛን አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ አይቀጥሩም። ክፍት ቦታውን ፊልድግላስን ወይም ቢላይንን በመሰለ ሥርዓት ውስጥ ያስገቡና ለተመዘገቡ ቬንደሮች (ሠራተኛ አቅራቢ ኩባንያዎች) በአንድ ጊዜ ይለቁታል። (ፊልድግላስን በ2014 የገዛው ግዙፉ የሶፍትዌር ኩባንያ ኤስኤፒ ነው፤ ገበያው ቀላል እንዳልሆነ ከዚህ ይገመታል።) ቬንደሮቹ በተራቸው ከሥራቸው ላሉ ቬንደሮች ይበትኑታል። ከዚያ በኋላ ማን ቀድሞ ስም ያስገባል የሚል ሩጫ ነው። ሪክሩተሩ የልደት ወርና ቀን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ የመጨረሻ አራት አሃዞች የሚጠይቀውም ለዚሁ ነው፤ ሥርዓቱ አንዱን እጩ ከሌላው የሚለየው በነዚህ ነው። ያው ሰው በሁለተኛ በር ሲመጣ ወዲያው ይታወቃል። አንዳንዱ ድርጅት የቀደመውን ይዞ የኋለኛውን ይጥላል። ሌላው ግን በሁለት ኤጀንሲዎች የክፍያ ጭቅጭቅ መሃል ላለመግባት ሲል ሁለቱንም ይጥላል።

አዲስ አበባ ላይ አንድን ቤት ሁለት ደላላ ቢያሳያችሁ በኮሚሽኑ የሚጣሉት እነሱ ናቸው፤ ሲጣሉም ትሰማላችሁ። እዚህ የሚጮህ የለም። ስልኩ ብቻ ዝም ይላል። ሰውዬውም ችሎታዬ አንሶ ነው ብሎ ለሌላ ሰርተፊኬት ገንዘብ ይከፍላል።

ከዚህ የከፋም አለ። ሬዙሜው በዎርድ የሚፈለገው ሪክሩተሩ ስልክና ኢሜይሉን አጥፍቶ የራሱን አርማ እንዲለጥፍበት ነው። እስከዚህ ድረስ የንግዱ ወግ ነው። አንዳንዱ ግን እዚያ አይቆምም፤ ማስታወቂያው የጠየቀውን ሶፍትዌር ይጨምራል፣ የአራት ዓመት ልምድን ሰባት ያደርጋል። እንግዲህ ያው ሰው በሁለት ኤጀንሲ በኩል ሲቀርብ ሥራ አስኪያጁ ፊት አንድ ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች ይቆማሉ፤ አንዱ የአራት ዓመት ልምድ ያለው፣ ሌላው የሰባት። ውሸቱን ማን እንደጻፈው የሚጠይቅ የለም። የሚበላሸው የባለሬዙሜው ስም ነው።

ዋጋውም የራሱ ወጥመድ አለው። አንዱ ሪክሩተር በሰዓት 65 ዶላር፣ ሌላው 58 ዶላር አለ እንበል። ዓመቱን ሙሉ በ2,080 ሰዓት ሲሰላ ልዩነቱ 14,560 ዶላር ነውና ዓይን ይስባል። ነገር ግን 65ቱ በ1099 (በግል ተቋራጭነት) ከሆነ 15.3 በመቶው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር ሙሉውን የሚወድቀው በሠራተኛው ላይ ነው። በደብሊው-2 (በተቀጣሪነት) ከሆነ ግማሹን፣ 7.65 በመቶውን፣ አሠሪው ይከፍላል። የጤና ኢንሹራንስና የዕረፍት ቀን ሲታከልበት 58ቱ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ከፍ ያለ ቁጥር የጠራ ሁሉ የተሻለ አይደለም፤ ቀድሞ የደወለም እንዲሁ። እኔ ብሆን የምመርጠው ለሥራው ባለቤት የቀረበውን ነው። «ከድርጅቱ ጋር ውል ያለህ አንተ ራስህ ነህ ወይስ ከላይህ ሌላ ቬንደር አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። በመሃል የገባ ሁሉ ከሰዓቱ ዋጋ ላይ ይቆነጥራልና።

የኛ ሰው እዚህ ላይ የሚሸነፈው ባለማወቅ አይመስለኝም። በይሉኝታ ነው። ለማያውቀው ሪክሩተር «ይቅርታ፣ በሌላ በኩል ቀርቤያለሁ» ማለት አይከብደውም። አብሮት የሚያስቀድሰውን፣ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ኮርስ ያስተማረውን ሰው እምቢ ማለት ግን ውለታ መካድ ይመስለዋል። ዝም ብሎ ይልክለታል። ወዳጅየውም ድርብ እጩ አቅርቦ ከላዩ ባለው ቬንደር ፊት ይዋረዳል። ይሉኝታው ማንን ጠቀመ?

ከዚህ ሁሉ የሚያድነው አስቀድሞ የሚሰጥ ግልጽ ፈቃድ ነው። እንግሊዝ በ2003 ባወጣችው የቅጥር ኤጀንሲዎች ደንብ፣ ኤጀንሲ አንድን ሰው ለአሠሪ ከማቅረቡ በፊት ሰውየው በዚያ ቦታ ለመሥራት ፈቃደኛ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። አሜሪካ ውስጥ ይህን ቦታ የያዘው «አርቲአር» የሚባለው የውክልና ፈቃድ ኢሜይል ነው። ብዙ ሰው እየነዳ ሳለ «እስማማለሁ» ብሎ ይመልሰዋል፤ ሳያነበው። ኢሜይሉ የቀጣሪውን ድርጅት ስም፣ የሥራውን ቁጥር፣ የሰዓቱን ዋጋ፣ ክፍያው በ1099 ይሁን በደብሊው-2፣ ፈቃዱ የሚያበቃበትንም ቀን መያዝ አለበት። «በዚህ ድርጅት ላለ ማንኛውም ሥራ» የሚል ሐረግ ካለበት ይሰረዝ፤ አለዚያ ለአንድ ወንበር የተሰጠ ፈቃድ ሕንፃውን በሙሉ ይዘጋል።

ሁለቴ የገባም ተስፋ አይቁረጥ። ፈቃድ በጽሑፍ ያገኘው የመጀመሪያው ይቆያል፤ ሁለተኛው ስሙን እንዲያነሳ በዚያው ቀን በኢሜይል ይጠየቃል፤ ለመጀመሪያውም ይነገረዋል። መደበቅ አያዋጣም።

በነገራችን ላይ «ሌላ የት ኢንተርቪው አለህ?» የሚል ሪክሩተር ለደኅንነታችሁ ተጨንቆ እንዳይመስላችሁ። ክፍት ቦታውን ሰምቶ የራሱን ሰዎች ሊልክበት ነው። ገና ኢንተርቪው ሳይኖር ሪፈረንስ የሚጠይቀውም ብዙ ጊዜ የሚፈልገው የቀድሞ አለቆቻችሁን ስልክ ነው፤ ነገ ሠራተኛ ልሽጥላችሁ ብሎ የሚደውለው ለእነሱ ነው።

ለኛዎቹ የኤጀንሲ ባለቤቶች ግን አንድ ልመና አለኝ። የቀጣሪውን ድርጅት ስም ከመጀመሪያው ስልክ ጀምሮ ተናገሩ። ሌላው እንዳይቀድማችሁ ፈርታችሁ እንደምትደብቁት ይገባኛል። ሳያውቅ በሁለት በር የሚገባው ግን ያንን ስም ያልሰማ ሰው ነው፤ ጥፋቱም የእናንተ እንጂ የሱ አይደለም። ስሙን ካልነገራችሁት ሬዙሜውን አትጠብቁ፤ እሱም አይላክላችሁ።