«ዕድሜ ነው» አትበሉን!



በልጅነታችን መጥተን እዚህ ያደግን ልጆቻችሁ ዛሬ ተቆጥተናል። በእናንተ አይደለም፤ «ዝም አይነቅዝም» እያላችሁ በቻላችሁት በደል ነው።

በማኅበራዊ ሠራተኛነታችን በየቤቱ እንገባለን። ቴሌቪዥኑ ይጮኻል። ልጅ «አባ!» ብሎ ሦስቴ ይጠራል፣ መልስ የለም። «አርጅቼ ነው ልጄ፣ ተመስገን» ይሉናል። የት ሠሩ? «ሚፍዓል፣ ሽመና ክፍል፣ 15 ዓመት።» ታዲያ ይሄ እርጅና ነው?

የሽመና ክፍሉን እናንተ ታውቁታላችሁ። ጆሮ ሥር ካልጮኹ አይሰማም፤ ሰው በእጅና በከንፈር ይግባባል። ክር ሲበጠስ ማሽኑ ይቆማል፤ ሮጦ ቀጥሎ ማስነሳት ነው፤ ወዲያው ሌላው ይቆማል። ብናኙ አፍንጫ ይሞላል። ሌሊት ቤት ከገቡ በኋላም ማሽኑ ጆሮ ውስጥ ይጮኻል። ቀኑን ሙሉ ከ85 ዴሲቤል በላይ መስማት ጆሮ እንደሚያበላሽ የታወቀ ነው፤ የሽመና ማሽን ደግሞ ከዚያ ያልፋል።

ጎንደር ላይ እናቶቻችን ፈትለው፣ አባቶቻችን ሸምነው ጎረቤት አልብሰዋል። እዚህ ግን ድርና ማግ የሚያውቀውን ሰው «ሙያ የለህም» ብለው በትንሹ ደመወዝ ቀጠሩት። ስለ ጩኸቱ ሲናገር «ትለምደዋለህ» አሉት።

አንዳንዶቻችሁ «እንጀራ የሰጠንን ሰው አንከስም» ትላላችሁ። አንደኛ፣ እንጀራውን ማንም አልሰጣችሁም፤ በላባችሁ ነው ያገኛችሁት። ሁለተኛ፣ ይሄ ባለ ፋብሪካውን መክሰስ አይደለም። ጥያቄው ለቢቱዋሕ ለኡሚ ነው፤ ለሥራ ጉዳት ተብሎ ስለ እናንተ ሲከፈል የኖረ ገንዘብ አለ። ሁሉም ይፈቀድለታል አንልም፤ ያልጠየቀ ግን ምንም አያገኝም።

ስለዚህ ቁፓት ሖሊም ስትሄዱ «ጆሮዬ ደከመ» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። «ማሽን ሥር ይህን ያህል ዓመት ሠርቻለሁ» በሉ፣ ይጻፍ። ልብ በሉ፦ የመስማት ጉዳቱ መጀመሪያ በሐኪም መዝገብ ከገባ በኋላ ለመጠየቅ ያለው ጊዜ 12 ወር ብቻ ነው። ዝምታችሁን የሚቆጥር ሰዓት አለ ማለት ነው። ትሉሾቻችሁን አትጣሉ። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ።

እኛ ልጆችም ጥፋት አለብን። ዕብራይስጡን እያወቅን አንድ ቀን «እናቴ፣ ሥራሽ ምን ይመስል ነበር?» ብለን አልጠየቅንም። ቅጹን መሙላት፣ ሐኪም ቤት አብሮ መግባት የእኛ ዕዳ ነው። እናንተ ተናገሩ፣ እኛ እንጽፋለን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ!